የአባት ኃይል

ልጆቼ የሚወዷቸው ፊልሞች ስለ ወላጅ ናቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፐርሲ ጃክሰን» ወጣቱ የግሪኮች የባሕር ጣዖት የፖሲደን ልጅ ነው ይባላል። በ2005 በወጣው «ስካይ ሃይ» ደግሞ የኃያላን ወላጆች ልጅ ኃይል ስላልታየበት ከረዳቶች ክፍል ይመደባል።

ለመጀመሪያው መልሱ ሱረቱል ኢኽላስ ነው። ሁለተኛው ግን እቤታችን ገባ፤ የ14 ዓመት ልጄ «አባ፣ ያንተ ኃይል ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ቀፊራ ሽንኩርት ሻጭ ነኝ። «ሚዛን አለማጉደል» አልኩት።

ውድ ወላጆች! የነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጅ አባቱ ነቢይ ሆኖ ሳለ ሰጠመ። የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) አባት ጣዖት አምላኪ ነበር። ሐላል ማብላትና ተርቢያ መስጠት የኛ ድርሻ ነው። በቂያማ ሚዛን ላይ ግን ልጅ የሚቀርበው በራሱ ሥራ ነው።