ከፎገራ ማማ ሥር

ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ግራና ቀኙ ሩዝ ብቻ ሆነ። ወረታ ዘመድ ጥየቃ የልጅ ልጄን አስከትዬ መሄዴ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሩዙ አፍርቷል፣ ወፉም ወርዷል። እርሻው ላይ ስንደርስ የኛን ልጅ እኩያ የሚሆን ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን ያሽከረክራል። መንጋው ደመና መስሎ ይነሣል፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ያርፋል። ጣና ቅርብ፣ ረግረጉ ሰፊ፣ እህሉ ሙሉ ነውና ፎገራ ለወፍ ገነት ነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡም አሉ።

«አባባ፣ ነገ የምንሄድበት አውሮፕላን አሮጌ ነው እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው የእናቱ ነው፤ ጠዋት በስልክ ስትጨነቅ ሰምቷታል።

እኔ ግን ያሰብኩት ስለ አንድ አዲስ አውሮፕላን ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሲነሣ የዱር ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሲሞክሩ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ በሆዱ ወርዶ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወረታ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው።

እርጅና ምንም አይደለም ማለቴ ግን አይደለም። ከዚያ አደጋ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 1980 ዓ.ም.፣ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲበር የነበረ የ19 ዓመት 737 ጣሪያው ከፊት በኩል አየር ላይ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት አስተናጋጅ ሞተች፤ የቀሩት 94 ሰዎች በሕይወት ወረዱ። ያ አውሮፕላን ወደ 90 ሺህ ጊዜ ተነሥቶ አርፏል። በየበረራው አካሉ በአየር ግፊት ሲወጠርና ሲላላ ብረቱ ደክሞ ተሰነጠቀ፤ ፍተሻው ደግሞ ስንጥቁን አላገኘውም። ስለዚህ እናቶች ዕድሜውን ብቻ ሲጠይቁ ግማሹን ጠየቁ እላለሁ። ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ማንስ ፈተሸው የሚለው ይቀራል።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ነገ የሚሳፈር ልጅ ነው። አውሮፕላን በየጊዜው እየተፈታ እንደሚታይ፣ ወፉም እንደሚጠበቅ ብቻ ነገርኩት።

«እዚያም ማማ አለ?»

ማማ እንኳ የለም፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ ወፍ የሚያባርር ሰው ይመደባል፣ ጥራጊ አጠገቡ እንዳይጣል ይከለከላል አልኩት። የመጨረሻው እኛንም የሚመለከት ነው፤ ቆሻሻ ባለበት ወፍ አይጠፋምና።

እሱ ግን መስማቱን ትቶ ማማው ሥር ሄዶ ወንጭፉን እየለመነ ነበር።