ከዝናቡ ማግሥት፦ የጣና ዳር ሣርና አበባ

ባሕር ዳርን የምታውቋት በዘንባባዎቿ ሊሆን ይችላል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከተማዋን የሚያስተዋውቁ ፎቶግራፎችን አዘውትሬ አያለሁ፤ ዘንባባ፣ ጀልባና ፏፏቴ አይጠፉባቸውም። ሣር ግን ቦታ የለውም። ሆኖም ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት ድረስ የጣናን ዳር የሚያስውበው ማንም ያልተከለው ሣርና አበባ ነው። በዚህ ወቅት ከቤተሰባችሁ ጋር ወደዚያ ለመሄድ ካሰባችሁ ምን ማየት እንዳለባችሁ፣ ምን ወደ ግቢያችሁ ማምጣት እንደምትችሉና ምኑን መንካት እንደሌለባችሁ ላካፍላችሁ።

ክረምቱ ሲወጣ

መስከረም ጠባ ማለት ዝናቡ ቆመ ማለት አይደለም። ረፋዱ ጠራ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሊያካፋ ይችላልና ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ ያዙ። የሐይቁ ውኃ ከዓመቱ ሁሉ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ነው። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ግርማው ጎልቶ የሚታየው በዚሁ ሰሞን ነው። በየማሳው ዳርና በየአጥሩ ሥር አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይፈካል፤ ከጎኑ ሰንበሌጡ ዛላውን አውጥቶ በነፋስ ይወዛወዛል።

በጎጃም በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች መስክ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ቀጭን ሣር ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። ሣርን ከአበባ ጋር ማሰር የዘመኑ ፋሽን ነው የሚል የአበባ ነጋዴ ካጋጠማችሁ፣ የጎጃም ልጃገረዶች እንደቀደሙት ንገሩት።

የሐይቁ ሣር

በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ስትሄዱ በዳርቻው ደንገል ታያላችሁ። ግንዱ ቅጠል አልባና ሦስት ማዕዘን ያለው ነው፤ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ያድጋል፤ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተበተነ አረንጓዴ ጭራ አለው። የጥንት ግብፃውያን ወረቀት የሠሩት ከዚሁ ተክል ነው። የጣና ሰዎች፣ በተለይም በዚህ ሙያ የሚታወቁት ወይጦዎች፣ ታንኳ ይሠሩበታል። ታንኳው ውኃ ስለሚመጥ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ይደርቃል፤ እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ባለታንኳው ሌላ ለመሥራት ደንገል በቅርቡ ማግኘት አለበት።

ደንገል ለሐይቁም ጋሻ ነው። ወንዞች በክረምት ከየማሳው ጠርገው የሚያመጡትን ደለል ያጣራል፤ ዓሣዎች ይራቡበታል፤ ወፎች ጎጆ ይሠሩበታል። ዳርቻው እየታረሰና ደንገሉ ያለልክ እየታጨደ ግን በብዙ ቦታ ተመናምኗል። ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል፤ ሐይቁን ከዳር የሚጠብቀው ደንገል ከመነመነ ግን መዝገቡ ብቻውን አያድነውም።

ቆንጆው ጠላት

በውኃው ላይ ሐምራዊ አበባ፣ ከላይኛው ቅጠሉ መካከል እንደ ዓይን የምትታይ ቢጫ ነጥብ ካያችሁ፣ ያ እምቦጭ ነው። ልጆች «ያምራል፣ እንውሰደው» ቢሏችሁ አይፈረድባቸውም። የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው፤ ወደ ብዙ አገር የተዛመተውም ሰዎች በውበቱ ተማርከው ለኩሬ ማስጌጫ ስለወሰዱት ነው። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ውኃውን ሸፍኖ ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ያግዳል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል፣ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ተነቅሎም ይመለሳል።

ፎቶ አንሱት፤ ቅንጣቢውን እንኳ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። በግቢ ኩሬ የተጣለ አንድ ተክል በጎርፍ ወንዝ ሊገባ ይችላል።

ወደ ግቢያችሁ

የጣናን ዳር መልክ ከወደዳችሁት ደንገልን ከሐይቁ ሳትነቅሉ ከችግኝ ጣቢያ ፈልጉ። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ፣ ሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሚሆንበት ሰፊ ማሰሮ ወይም በርሜል ውስጥ ይበቅላል፤ ሲበዛ ሥሩን ከፍላችሁ ለጎረቤት መስጠት ትችላላችሁ። ውኃው እንዳይቆምና የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ብቻ ጠንቀቅ በሉ። ከሱ ዝቅ ብሎ ለቡና የምትጎዘጉዙትን ቄጤማ ትከሉ።

አደይን ደግሞ ከሥሩ አትንቀሉት፤ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነውና ሳያፈራ ከተነቀለ የከርሞው አብሮ ይነቀላል። አበባው ረግፎ ሲደርቅ ጥቂት ዘር ሰብስባችሁ በወረቀት ጠቅልሉ፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ በተኮተኮተ መሬት ላይ በትኑት። አጥራችሁ ሥር ሰንበሌጥ ካለ እስከ ጥቅምት አትጨዱት፤ አደዩ ከኋላው ሲፈካ ልዩ ውበት ይሰጣል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በባሕር ዳር ካለ ወዳጅ ወይም ከምታርፉበት ሆቴል ጠይቁ። በመስቀል ሰሞን ክፍል ቀድሞ ስለሚያዝ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ጀልባውን ጠዋት ተከራዩ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሊነሳ ይችላል። ጀልባ ነጂውንም ስለ ደንገሉ ጠይቁት፤ በልጅነቱ ዳርቻው እስከ የት ድረስ አረንጓዴ እንደነበር በጣቱ ሊያሳያችሁ ይችላል።