ፍሬኑስ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

የቢቸና ተማሪዎቼ ያንን ባለሞተር ብስክሌት ታስታውሳላችሁ። የልጁን ስም አልጠራም፤ ታሪኩን ግን ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምረው ነበር። የአጎቱን አሮጌ ብስክሌት ለምኖ ወስዶ፣ መሃሉ ላይ ባለ 80 ሲሲ የቻይና ሞተር ገጥሞ፣ ግንቦት ላይ ለሳይንስ አውደ ርዕይ ይዞት መጣ። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረበት። ተማሪው ጮኸ፣ መምህራኑም አጨበጨብን። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ጥያቄም አዘነብኩበት፦ ቤንዚንና ዘይቱን እንዴት ትደባልቃለህ? ካቴናው አይወልቅም? በሊትር ስንት ይሄዳል? አንድ ነገር ግን አልጠየቅኩትም። ምን ያቆመዋል?

ሰኔ ላይ ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ ወደ ቀበሌያቸው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ግራ እጁ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልጠይቀው ስሄድ እናቱ በር ላይ ተቀበሉኝ። አልጮሁብኝም፣ አልረገሙኝም። «መምህር፣ መሄዱን አይተው አጨበጨቡለት አሉ። መቆሙንስ አይተውለት ነበር?» አሉኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም ያቺ ጥያቄ ትከተለኛለች።

እኔ እኮ ባለ ዲፕሎማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሒሳቡን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጁና ብስክሌቱ በድምሩ 100 ኪሎ ናቸው እንበል። በእግር ሲነዳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለማቆም ፍሬኑ ወደ 870 ጁል ያህል ኃይል መዋጥ አለበት። በሞተር 45 ሲሄድስ? ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ነው፣ ኃይሉ ግን ዘጠኝ እጥፍ፤ 7,800 ጁል ገደማ። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከፍታው 50 ሜትር ብቻ የሚወርድ ቁልቁለት ወደ 49,000 ጁል ይጨምራል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ሞተሩ የሚይዙት አለ፣ የቀረው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወድቃል። የኛን አገር መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከቢቸና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞታ እስኪደርስ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

የሱ ብስክሌት ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጡ ሁለት ጎማዎች ነበሩ። የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ጎማው ይንሸራተታል። ደረቅ ቢሆንም ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬው ይግላል፣ ሲብስም ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩን ጨመርን፣ ፍሬኑን ግን ለእግር በተሠራበት ተውነው።

ክረምቱን እጁ እስኪድን ጠበቅን። ከዚያ ዲስክ ፍሬን እንግጠምለት ተባባልን። ዲስክ ፍሬን አዲስ ነገር አይደለም። ጃጓር እ.ኤ.አ. በ1953 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነው፤ ሆንዳም በ1969 ሲቢ 750 የተባለውን ሞተር ሳይክል ከፊት ዲስክ ገጥሞለት አወጣ። ዲስኩ መሃል እምብርቱ ላይ ስለሚሆን ከጭቃው ራቅ ይላል፣ ሙቀቱም ወደ ጎማው አይሄድም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ የፍሬኑን መያዣ በአሮጌው የፊት ሹካ ላይ ማስበየድ ነበር። ሞታ አንድ በያጅ ጋ ወሰድነው። ብረቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይሄ ስስ ቧንቧ ነው፤ ብበይደው እሳቱ ያደክመዋል፣ ፍሬን ስትይዙ እዚሁ ላይ ይቆረጣል። ገንዘባችሁን አልበላም» ብሎ መለሰን። እግዜር ይስጠው። በኋላ ለዲስክ ተብሎ የተሠራ ሹካ ከነጎማው፣ ከወደቀ የተራራ ብስክሌት ላይ፣ ባሕር ዳር አገኘን። ዲስኩ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ነው፣ በስድስት ቡሎን ይታሰራል፣ ፍሬኑ በሽቦ የሚሳብ ነው።

የኋላው ግን አልሆነም። የሞተሩ ካቴና የሚዞርበት ጥርስ የሚታሰረው በግራ በኩል ነው፤ ዲስኩም ቦታው ግራ ነው። ስለዚህ የኋላውን ባለ ጎማ ፍሬን አጥብቀንና አድሰን ተውነው።

ሌላም ተማርን። የፊት ዲስክ ሲይዝ የጎማውን ዘንግ ከሹካው አፍ ወደ ታች ሊያወጣው ይገፋል፤ ስለዚህ የዘንጉ ፍሬ በደንብ መጥበቅ አለበት። ዲስኩን በዘይት እጅ መንካት ክልክል ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ አይዝም። አዲስ ሸራ ደግሞ ወዲያው አይታመንም። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ እየነዳ ቀስ እያለ መያዝ፣ እንደገና መንዳት፣ እንደገና መያዝ። ሃያ ጊዜ ያህል አደረገው። እኔ ዳር ቆሜ ስቆጥር አንዲት እረኛ ልጅ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ብላ ስትስቅብን ነበር።

በመጨረሻ እናቱን ጠርተን፣ ሄልሜት አድርጎ፣ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ወርዶ እፊታቸው ቆመ። እሳቸው አላጨበጨቡም። «አንድ ጊዜ ድገመው» አሉት። ደገመው። «አሁን ሂድ» አሉት።

ልጁ ዛሬ ሞታ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ግራ እጁ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ሲሠራ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያች እጅ ላይ ነው። እሱ አያነሳብኝም፤ «ቲቸር ሻይ ልጋብዝህ» ነው የሚለኝ።

ከዚያ ወዲህ አውደ ርዕይ ላይ ተማሪ ምንም ነገር ሠርቶ ሲያሳየኝ፣ ጄኔሬተርም ይሁን የእህል መፍጫ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እንዴት እንደሚቆም ነው። ልጆቹ አውቀውብኛል፤ ገና በር ላይ ስደርስ «ቲቸር ፍሬኑስ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እናንተም መምህር የሆናችሁ፣ ወላጅ የሆናችሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁልኝ። ብስክሌታችሁ ላይ ሞተር የገጠማችሁ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።