ኩሽኔታው ሳይጮኽ

ከኋላው ሰው አፈናጦ፣ ጆንያ ጭኖ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው በየዕለቱ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ሸክም ያረፈው በምን ላይ ይመስላችኋል? «በጎማው ላይ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ጎማው ይዞራል፤ ጎማው የተሰካበት ዘንግ ደግሞ አይዞርም። የሚዞረውና የማይዞረው በቀጥታ ቢነካኩ ተፋጭተውና ግለው ወዲያው በተበላሉ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስማማ አንድ ነገር በመካከላቸው ገብቷል። ይህ ነገር በጎማው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ከውጭ አይታይም። መካኒኮች ኩሽኔታ ይሉታል። እኔም ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለማይታየው ተሸካሚና ስለሚቀባው ግራሶ ነው።

ሁለቱም ስሞች የመጡልን ከጣሊያንኛ ነው። ኩሽኔታ በቋንቋው «ትንሽ ትራስ» ማለት ሲሆን ግራሶ ደግሞ «ስብ» ማለት ነው። ስያሜው ለሥራው የተገባ ነው፤ ዘንጉ በዚያች ትራስ ላይ ይንተራሳልና። ብዙዎቻችሁ ኩሽኔታን የምታውቁት ከሞተር ብስክሌት ይልቅ ከጨዋታ ይሆናል። የሰፈር ልጆች ከጣውላ ጋሪ ሠርተው በቁልቁለት ሲንደረደሩ፣ አስፋልቱን እያንኳኳ የሚዞረው የብረት ቀለበት አሮጌ ኩሽኔታ ነው። ያንን አንሥታችሁ ብትመረምሩት አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት የብረት ቀለበቶችን ታገኛላችሁ። በመካከላቸው ከብይ የሚያንሱ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። ኳሶቹ በሞተር ብስክሌት ጎማ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ናቸው፤ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩም ስስ ማቀፊያ ለየብቻ ይዟቸዋል። ውጭኛው ቀለበት ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ውስጠኛው ከዘንጉ ጋር ቆሞ ይቀራል፤ ኳሶቹም በሁለቱ መካከል ይንከባለላሉ። ሸክሙን በማናቸውም ቅጽበት የሚይዙት ከዘንጉ በታች የተገኙት ጥቂት ኳሶች ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። የሰው ሕይወት በእነዚያ ላይ አርፎ ይጓዛል።

ይህች ትንሽ ብልሃት ብዙ ሰዎች የደከሙባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1794 ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው ለሠረገላ ዘንግ በኳስ የሚሠራ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1869 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው የብስክሌት ውድድር ጄምስ ሙር ያሸነፈው ኩሽኔታ በተገጠመለት ብስክሌት ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የስዊድናዊው የስቬን ቪንግክቪስት ታሪክ ነው። ይህ ሰው በጎተንበርግ ከተማ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ፋብሪካው የቆመው በሸክላ አፈር ላይ ስለሆነ መሬቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመኪናዎቹ ዘንግ ይጣመም፣ ኩሽኔታዎቹም ቶሎ ቶሎ ይሰበሩ ነበር። እርሱም መሬቱን ከመርገም ይልቅ ከዘንጉ ጋር አብሮ ዘንበል የሚል ኩሽኔታ ፈለሰፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ኤስ. ኬ. ኤፍ. የተባለው ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ ነው። የእኛይቱ ባሕር ዳርም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ጋር ያደገች፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ የተከፈተባት ከተማ ናት። ስለዚህ የኩሽኔታ ነገር ለልጆቿ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ግራሶው እንመለስ። ግራሶ ማለት በሳሙና መሰል ነገር ውስጥ ተይዞ የጠጠረ ዘይት ነው። ሰፍነግ የያዘውን ውኃ ሲጫኑት ጥቂት በጥቂት እንደሚለቅ ሁሉ፣ ግራሶም ዘይቱን በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ያ ዘይት ከወረቀት እጅግ የሳሳ ሽፋን ሆኖ ብረትን ከብረት ይለያል። ከዚህም በላይ ግራሶ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ አቧራና ውኃ እንዳይገቡም እንደ በር ዘበኛ ይከላከላል። ግራሶ ሲደርቅ ወይም በውኃ ሲታጠብ ኳሱ በደረቅ ብረት ላይ ይንከባለላል። በመጀመሪያ ይሻክራል፤ ቀጥሎ ይጮኻል፤ በመጨረሻም ይሰበራል።

እኔ በጣና ዙሪያ ባሉ መንገዶች ለብዙ ዓመታት በሞተር ብስክሌት ተመላልሻለሁ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው፣ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች በታጠፈ ጊዜ የፎገራን ሜዳ ያገኛል። በክረምት ያ ሜዳ ሩዝ የሚበቅልበት ረግረግ ነው፤ ዋልካው እስከ ጎማው እምብርት ድረስ ይለጠፋል። በበጋ ደግሞ ያው ዋልካ ደርቆ እንደ ዱቄት ይቦንናል። ስለዚህ የኩሽኔታ ሁለቱ ጠላቶች፣ ውኃና አቧራ፣ ዓመቱን ተካፍለው ይጠብቁናል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም። ወንዝ ተሻግሮ ጎማው ታጥቦ ሲያብረቀርቅ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ በእምብርቱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውኃ ግን ዝገቷን በዝምታ ትጀምራለች።

የዝምታው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ወዳጄ ላይ አይቻለሁ። ይህ ወዳጄ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን ለፎገራ ከብቶች የሚሆን ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ ወደ ገጠር ይመላለሳል። አንድ ሰኔ የፊት ጎማው እንደ ድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። «ሥራው ፋታ ሲሰጠኝ አሳየዋለሁ» አለ፤ ሥራው ግን ፋታ አልሰጠውም። ሐምሌ ገብቶ ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ነድተው በተቀጠሩበት ማለዳ፣ ከአስፋልቱ ርቆ ጭቃው መካከል ሳለ ኩሽኔታው ተሰበረ። ጎማው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደና ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ ቆመ። ቀስ ብሎ ይነዳ ስለነበር አልተጎዳም። በአስፋልቱ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ሣጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ሲደርስ በረዶው ሟሙቶ ክትባቱ ሞቋል፤ የሞቀ ክትባት ደግሞ ለከብት አይሰጥም። ከሌሊት ጀምረው የተጓዙት ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ሳያስከትቡ ነድተው ተመለሱ። አንድ አዛውንት ገበሬ ግን ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ባለበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ ከብቱን ከበሽታ ልታድን መጥተህ ሞተርህን ሳታድን ቀረህ?» አሉት። ወዳጄ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት መታመሙን ማወቅ ይቻላል፤ ምርመራውም መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተር ብስክሌቱን በመቆሚያው አቁማችሁ የምትመረምሩት ጎማ ከመሬት እንዲነሣ አድርጉ። ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዙት። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ላልቶ የመነቃነቅ ስሜት ቢሰማችሁ ኩሽኔታው ተበልቷል። ቀጥሎ ጎማውን በእጃችሁ አሽከርክሩትና ጆሯችሁን አቅርቡ። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የታመመው አሸዋ እንደገባበት ይንኳኳል። በባጃጅም ሆነ በብስክሌት ሥርዓቱ ያው ነው።

ሕመሙ ገና ካልጠና ግራሶውን ማደስ ይበቃል። ዳዶው ይፈታል፤ ዘንጉ ይመዘዛል፤ ጎማውም ይወጣል። ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ኩሽኔታ በግራና በቀኙ የጎማ ክዳን ያለው ነው። ወደ ውጭ የዞረውን ክዳን ሳትቀድዱ በስስ ስለት ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሡት። አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጥረጉ፤ የቀረውን በጥቂት ነጭ ጋዝ አጥባችሁ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቁ። አንዳንዶች በአየር መንፊያ እያሽከረከሩ ያደርቁታል፤ ግራሶ የሌለው ኳስ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ብረቱን ይቧጭራልና አታድርጉት። ከደረቀ በኋላ ለጎማ ኩሽኔታ የተዘጋጀ ንጹሕ ግራሶ በጣታችሁ በኳሶቹ መካከል አስገቡ። እስኪተርፍ መሙላት ደግነት እንዳይመስላችሁ። ከባዶው ቦታ ሢሶው ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ሲታሽ ይሞቃል፤ ክዳኑንም ገፍቶ ይወጣል።

ኳሱ ወይም ቀለበቱ ከዛገና ከተቦረቦረ ግን ግራሶ አያድነውም፤ መለወጥ ነው። በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 6202 ቢል፣ በመጨረሻ ያለው 02 የቀዳዳው ስፋት 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራችኋል። 01 ቢሆን 12፣ 03 ቢሆን 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ04 ጀምሮ ደግሞ ቁጥሩን በ5 ማባዛት ነው። እንዲህ አድርጎ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ገበያ ላይ አይታለልም። ኩሽኔታዎቹ በአንድ ጎማ ላይ እኩል ስለሚደክሙ ጥንዱን አብሮ መለወጥ ይገባል። አዲሱ ሲገባ የሚመታው ውጭኛው ቀለበት ብቻ ነው። ውስጠኛውን የመታ እንደሆነ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ ቀለበቱን ያጎደጉዳል፤ አዲሱም ገና ሳይሠራ አሮጌ ይሆናል። ተመትቶ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱ መካከል የምትቀመጠውን አጭር የብረት ቱቦ መርሳት አይገባም፤ እርሷ ከሌለች ዳዶው ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹን ጨፍልቆ ይይዛቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጣና ዳርና በዓባይ መውጫ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ውኃው ውስጥ አስገብተው የሚያጥቡ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። ይህ ሥራ ሁለት ጉዳት አለው። እስከ እምብርቱ የተነከረ ጎማ ውኃ ወደ ኩሽኔታው ያስገባል። ከጎማው የታጠበው ግራሶና ዘይት ደግሞ ወደ ሐይቁ ይገባል። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ቢሆንም፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር ያህል ነው። ዓሣ አስጋሪው በታንኳው የሚተዳደርበት፣ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ ሐይቅ የጋራዥ ማጠቢያ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ሞተራችሁን ከውኃው ርቃችሁ በባልዲና በጨርቅ እጠቡ። አሮጌውን ግራሶና የታጠበበትን ጋዝ በቆርቆሮ አጠራቅማችሁ ለጋራዥ አስረክቡ እንጂ በቦይ አታፍስሱ።

እኔ ለዚህ ሥራ በዓመት ሁለት ቀን መድቤያለሁ፤ አንዱን ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ ሌላውን ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም። በሁለቱም ቀን የማጠፋው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የመከሩን እንዲህ ያለውን ጥቂት ድካም ነው። ሸክም የሚችል ነገር ሁሉ እስኪጎዳ ድረስ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ጤና አድርገን ስለምንቆጥረው ብዙ መልካም ነገር ከእጃችን ያመልጣል። የሚጮኸውን ማዳመጥ ማንም ይችላል፤ አዋቂ የሚባለው ዝም ያለውን ሄዶ የሚመረምር ነው።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሞተር ብስክሌት ካለ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በመጪው ቅዳሜ ጎማውን ከመሬት አንሡት። በሁለት እጃችሁ ወዝውዙት፤ አሽከርክሩትና አዳምጡት። ዝም ብሎ ከዞረ ለባለቤቱ የምሥራች ንገሩት፤ ከተንኳኳም ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ እንዲፈቱት እጃችሁን አበድሩት።