«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

የሀገራችን ሰው «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ተመስገን»። ልጅ ቢታመምበት ተመስገን፣ ከሥራ ቢቀነስ ተመስገን፣ ሌሊቱን ዓይኑ ሳይከደን ቢነጋም ተመስገን። ባህላችን ነውና ይህን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ተሰማዎት?» የሚል ወረቀት ሲሰጠው ያንኑ ተመስገን በቁጥር መመንዘር ይኖርበታል። ዜሮ ነው? አንድ ነው? ወይስ ሦስት? ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ወረቀት ነው።

የምኖረው እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ሠፈር ነው። እንግሊዝኛውን ትንሽ ስለምሞካክረው ጎረቤቶቼ ፎርም ይዘው ብቅ ይላሉ። የቤት ኪራዩን፣ የግብሩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ወረቀት ስንሞላ ብዙም አንቸገርም፤ ስም ስም ነው፣ አድራሻም አድራሻ ነው። የሚያስቸግረው የሰውን ሆድ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከወገኖቼ ጋር አስተርጓሚ ሆኜ ሐኪም ቤት ስቀመጥም ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከእነዚህ መጠይቆች ሁለቱን ምናልባት ታውቋቸው ይሆናል (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አንደኛው ፒኤችኪው-9 የሚባለው ሲሆን በአሜሪካ ተዘጋጅቶ በ2001 ታትሟል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 ከደረሰ ሐኪሙ ድብርት ይኖር ይሆን ብሎ ጠለቅ ወዳለ ምርመራ ይገባል። ሁለተኛው ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀው የኤደንብራ መጠይቅ ነው። በ1987 ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ ስኮትላንድ ውስጥ ያወጡት ሲሆን ዐሥር ጥያቄዎች አሉት። እዚህ አልበርታ እናት ሕፃኗን ለሁለተኛ ወር ክትባት ስትወስድ ነርሷ የምታቀርብላት መጠይቅ ይህ ነው።

«ወደ አማርኛ ተተርጉሟል» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን አላለቀም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲከፋው «ብሉ ሆንኩ» ይላል። በስደተኞች ዘንድ ብዙ ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ የሆነው ባለ 25 ጥያቄው የሆፕኪንስ ዝርዝር ይህንኑ ቃል ይዟል። ቃል በቃል ከመለስነው «ሰማያዊ ስሜት ተሰማዎት?» ይሆናል። እንዲህ ተብለው የተጠየቁ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት «ምነው በሰጠኝ!» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እኛ ሐዘናቸውን ጠየቅን፣ እሳቸው ጸጋውን ተመኙ። የኤደንብራው መጠይቅም ኑሮ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት እንደሆነ እናትየዋን የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ነው። እንዳለ ገልብጠን «ነገሮች ላይሽ ላይ ወጥተዋል?» ብንላት ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች።

ወዲያ ማዶም ችግሩ አለ። የእኛ ሰው «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ «አንጀቴ አረረ» ሲል ቃል በቃል ቢተረጎምለት አንዱን ወደ ሆድ ሐኪም፣ ሌላውን ወደ ልብ ሐኪም ይልኩታል። ከሁሉም የሚከብደው ስለ ሞት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ወጥ ያረረባት ባለትዳር «ምነው ሞቼ ባረፍኩ» ስትል ከልቧ አይደለም፤ አነጋገር ነው። በእውነት ሞትን የምታስብ ሴት ደግሞ ነገሩ ኃጢአት ነውና ስለ ራሷ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ላይወጣ ይችላል። የመጀመሪያዋ ነጥብ ይቆጠርባታል፣ ሁለተኛዋ ዜሮ አግኝታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ስለዚህ ባለሙያዎች አንድን የተተረጎመ መጠይቅ በሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት በሁለት ነገር ይፈትኑታል፤ በአስተማማኝነቱና በትክክለኛነቱ። ልዩነቱን በሥጋ ቤት ሚዛን ላስረዳ። ያንኑ ሥጋ ዛሬም ነገም ስናስቀምጥበት አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያሳይ ሚዛን አስተማማኝ ነው። ግን በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሩብ ኪሎ እየጨመረ የሚያሳይ ከሆነ፣ ምን ቢታመን ትክክል አይደለም፤ በየቀኑ እኩል ያጭበረብራል። መጠይቅም እንዲሁ ነው። ሐዘንን ይለካል የተባለው ወረቀት የሚለካው ይሉኝታን ከሆነ፣ መቶ ጊዜ ቢጠይቁን መቶ ጊዜ ያንኑ ተመስገን እንመልሳለን። አስተማማኝ ነው፤ የለካው ግን ሐዘናችንን ሳይሆን ጨዋነታችንን ነው።

አፈታተኑም የራሱ ሥርዐት አለው። ሪቻርድ ብሪስሊን የተባለ አሜሪካዊ በ1970 ያስተዋወቀውና እስከ ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ፣ አንዱ ወደ አማርኛ የተረጎመውን ሌላ፣ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ልብስን ገልብጦ ስፌቱን እንደ ማየት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም «ሰማያዊ ስሜት» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ያለ አንዳች እንከን «ብሉ» ሆኖ ይመለሳል! ስለዚህ ተራውን ሰው «ይህን ሲሉዎ ምን ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያም መጠይቁን የሞሉትን ሰዎች የአእምሮ ሐኪም ለብቻው አነጋግሮ ሁለቱ ውጤቶች መግጠማቸው ይታያል።

ይህ በእኛው ሀገር፣ በእኛው ቋንቋ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራ ሻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድኅን፣ አታላይ ዓለምና ሌሎች ተመራማሪዎች የኤደንብራውን መጠይቅ በአማርኛ ፈትነው ውጤቱን በ2008 አሳተሙ። በገጠር እናቶች ዘንድ መጠይቁ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ ይልቅ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው የሚባለው ባለ 20 ጥያቄ የተሻለ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2010 ማርቆስ ተስፋዬ፣ ዳዊት ወንድማገኝና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ የኤደንብራ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ ሲፈትኑት ግን ጥሩ ሠራ። ልብ በሉ፤ ሀገሩ ያው፣ ቋንቋው አማርኛ፣ የመኪናው መንገድ የሁለትና ሦስት ሰዓት ነው። ፍርዱ ግን ተለያየ።

ለምን ይሆን? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የኤደንብራው መጠይቅ የሰውነትን ነገር ሆን ብሎ ትቶታል፤ አራስ ሁሉ ስለምትደክም ድካም የበሽታ ምልክት እንዳይመስል ነው። መልሱም አራት አራት ምርጫ አለው፤ «እንደ ወትሮው»፣ «ከወትሮው ትንሽ ቀነስ ብሎ» እያሉ ማማረጥ ነው። ኤስአርኪው ግን ራስ ምታት አለሽ ወይ፣ እህል ይበላልሻል ወይ፣ እንቅልፍስ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም አዎን ወይም አይደለም ነው። የገጠር እናት ጭንቀቷን የምትናገረው በራስ ምታቷና በእንቅልፏ ነው። በዚያ ላይ ቡታጅራ አካባቢ ብዙው ሰው ቤቱ የሚናገረው ጉራጊኛ መሆኑን አንርሳ።

ይህ ሁሉ ለካልጋሪ ምን ይረባል የሚል ይኖር ይሆናል። ይረባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት ገጠር ካደገች እህታችን ጋር አስተርጓሚ ሆኜ ተቀመጥኩ። አራስነቷ ገና አልወጣም። ወረቀቱ በአማርኛ የታተመ ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል ቃሉን ሳልለውጥ አነበብኩላት። እንደ ወትሮዋ መሳቅ ትችል እንደሆነ ሲጠየቅ «አራስ ቤት ደግሞ ምን የሚያስቅ አለ?» አለች። የነገን በደስታ ትጠባበቅ እንደሆነ ሲጠየቅ «የነገን እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ለእነዚህ መልሶች ወረቀቱ ላይ ሳጥን አልተሠራላቸውም። ነርሷ እየደጋገመች ስትጠይቃት እህታችን ሰዓት ማባከኗ አሳፍሯት «ደህና ነኝ በያት» ማለት ጀመረች። ድምሩ ትንሽ ሆነና ነርሷ ፈገግ ብላ ወረቀቱን አጠፈች።

እህታችን ሕፃኑን እያለባበሰች፣ ለእኔ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እህል ከቀመስኩ ሰነበትኩ፤ ሌሊት በር የተንኳኳ እየመሰለኝ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አለችኝ። «ይህን ልንገራት?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ንገሪያት» አለች። ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ኮቷን እንደገና ሰቀለች። ወረቀቱን ወደ ጎን ትታ ስለ ምግቧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ማን እንደሚያግዛት ስትጠይቃት ግማሽ ሰዓት አወራን። ሐኪም በዚያው ሳምንት አያት። ዛሬ ደህና ናት፤ ተመስገን ስትልም ከልቧ ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

አስተርጓሚ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን በራሴ አማርኛ ለውጬ ብጠይቅ ሚዛኑን አበላሸሁት፤ የተፈተነው እኔ ያልኩት አይደለምና። እንዳለ ባነበው ደግሞ ሴትዮዋ አልገባትም። እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፤ እንደ ተጻፈው አነብባለሁ፣ ከዚያም ለባለሙያው «ይህ ጥያቄ እንደታሰበው አልገባትም፤ እሷ ያለችው እንዲህ ነው» እላለሁ። ፍርዱ የባለሙያው ነው።

ነጥቡ ራሱ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ብዙ ገላዬና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል 926 ሰዎች ላይ ፒኤችኪው-9ን በአማርኛ ፈትነው በ2013 አሳትመዋል። 10 ነጥብን መለያ ሲያደርጉ መጠይቁ በእርግጥ ድብርት ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ይይዛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን በትክክል የሚያሰናብተው 67ቱን ነው። እንግዲህ 14 በሽተኞች ያመልጡታል፣ 33 ደህና ሰዎችን ደግሞ ይጠረጥራል። ወረቀቱ ወንፊት እንጂ ዳኛ አይደለም።

በጅምላ የሚነገሩ ቁጥሮችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። በ2004 በታተመ ጥናት ኃይሌ ፈንታና ባልደረቦቹ ቶሮንቶ የሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያንን ጠይቀው 9.8 በመቶው በዕድሜያቸው ድብርት እንደያዛቸው ጽፈዋል። ይህ ከኦንታርዮ ሕዝብ ጥቂት ከፍ ያለ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገመተው ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስደት ይከብዳልና አያስገርመኝም። ግን ሦስት እጥፍ ለማለት ሁለቱም ቦታ ጥያቄው እኩል የገባ፣ መልሱም እኩል የተደፈረ መሆን አለበት። እስራኤል ሀገር ይህን አስበው ነው ዩንግማንና ባልደረቦቹ፣ ከእነሱም ጋር ፍቅሬ ወርቅነህና ሮበርት ጊል፣ ኤስአርኪውን ለኢትዮጵያውያን ሲያሻሽሉ ሕዝቡ ራሱ ስቃዩን የሚገልጽበትን አነጋገር የጨመሩበት፤ ሥራቸው በ2008 ታትሟል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወረቀቱ ሲቀርብላችሁ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን «እማዬ ሞትን ታስቢያለሽ ወይ?» አታስብሉት። ሁለተኛ፣ አማርኛ የአፍ መፍቻችሁ ካልሆነ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ይሁንልኝ በሉ፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሆዱን የሚናገረው በአማርኛ አይደለም። ሦስተኛ፣ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ፤ በግምት የተሞላ ሳጥን እናንተን ይጎዳል። አራተኛ፣ የምትሰጡትን መልስ ማን እንደሚያየው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፍርሃት ይዞ የሚሞላ ፎርም እውነት አይወጣውም። አምስተኛ፣ ወረቀቱ ያልጠየቃችሁ ነገር ካለ ከመነሣታችሁ በፊት በራሳችሁ ቃል ተናገሩ። ሌሊት ነገር ከከበደ እዚህ አልበርታ 811 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 988 ቀንና ሌሊት ክፍት ነው።

ተመራማሪ መጥቶ «ይህ ጥያቄ እንዴት ይገባችኋል?» ሲለንም አንሽሽ። ሚዛኑን የሚያስተካክለው የእኛ መልስ ነውና። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል፤ እኛ ደግሞ ያልደበቅነው በሽታ በትክክል እንዲጠየቅልን እናድርግ።

ቸር ይግጠመን።