ለታመነ ወታደር ዕረፍት ስለ መስጠት

በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ አንድ ንጉሥ የተናገረው ምሳሌ አለ። ይህ ንጉሥ ያለው ጭፍራ 10 ሺሕ ነው፤ የሚመጣበት ባላጋራ ግን 20 ሺሕ ይዟል። እንግዲህ ከመነሣቱ በፊት ኃይሉን መርምሮ መምከር ይገባዋል። ይህን ምሳሌ በሕፃንነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በፈተና ተጠይቄበታለሁ። ነገር ግን ጥቂት ጭፍራ ይዞ መምከር ምን ማለት እንደ ሆነ ያስተዋልሁት ዕድሜዬ ከ40 ካለፈ በኋላ ነው፤ ያስተማረኝም የ14 ዓመት ወንድ ልጄ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ነገሩን እስክጨርስ ድረስ እንዳትስቁብኝ እለምናለሁ።

ጨዋታው በኮምፒዩተር የሚደረግ ሲሆን ስሙ ባትል ፎር ዌስኖዝ ይባላል፤ ትርጓሜውም ስለ ዌስኖዝ መንግሥት የሚደረግ ውጊያ ማለት ነው። በ1995 ዓመተ ምሕረት፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2003፥ ዴቪድ ዋይት የሚባል ሰው ጀመረው፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ሰዎች በፈቃዳቸው እየደከሙ አሳደጉት። ለሚፈልገው ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ልጄም የመረጠው ገንዘብ ስለማያስከፍልና በአሮጌው ኮምፒዩተራችን ስለሚሠራለት ነው። ታሪኩ የተረት ታሪክ ነው። የዙፋኑ ወራሽ በተባለው ክፍል ንግሥት አሼቪዬር መንግሥቱን በግፍ ይዛለች። ወጣቱ ኮንራድ ግን ኤልፍ በሚባሉት የዱር ሕዝቦች መካከል ተሸሽጎ፥ ዴልፋዶር በሚባል ሽማግሌ ጠቢብ እጅ ያድጋል። ኦርክ የሚባሉት ጨካኞች መጥተው ዱሩን በከበቡት ጊዜ ኮንራድ ጥቂት ጭፍራ አስከትሎ ይወጣል፤ ጨዋታውም ከዚያ ይጀምራል።

የጦር ጨዋታ ለአገራችን መኳንንት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በታላላቆች አዳራሽ ሲጫወቱት የኖረ ነው። በሰንጠረዥ ግን ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው 16 ይዘው በእኩልነት ይነሣሉ፤ የወደቀውም ሁሉ ለሚቀጥለው ጨዋታ ተመልሶ ይሰለፋል። በዚህኛው ብዙ ጊዜ ጠላት ይበልጣል፤ በአንዱ ምዕራፍ የሞተ ወታደርም በሚቀጥለው ምዕራፍ አይገኝም። ወርቁም በልክ ነው። የኤልፍ ተዋጊ፥ ቀስተኛ ወይም ቍስለኛ የምትፈውሰውን ሴት ለመቅጠር ለእያንዳንዱ በልኩ ወርቅ ይከፈላል። ባለፈው ምዕራፍ ተፈትኖ የተረፈውን ነባር ወታደር ለመጥራት ደግሞ 20 ወርቅ ያስፈልጋል። ብዙው ወታደር እንደ ማዕርጉ ቀለብ አለው፤ መንደር የያዘ አለቃ ከቀለቡ ሸክም ይቀልለታል። ስለዚህ ጭፍራ ያበዛ ሰው ግምጃ ቤቱ ይራቈትበታል፤ ያሳነሰም እንደ ሆነ መንደሮቹን ጠላት ይወስድበታል።

ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት ባለቤቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ወደ አገር ቤት በሄደችበት ወራት ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጭር ይልብኝ ነበርና ከልጄ አጠገብ መቀመጥ ጀመርሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ወርቁን ማከማቸት ነበር። ለክፉ ቀን ይሁን እያልሁ ጭፍራ ሳልቀጥር ቀረሁ፤ ልጄ ግን በብዙው ምዕራፍ ከተረፈው ወርቅ ወደሚቀጥለው የሚተላለፈው ከመቶ 40ው ብቻ እንደ ሆነ አሳየኝ። ይህን ስሕተት ፈጥኜ አረምሁት። ሁለተኛው ስሕተቴ ግን የባሰ ነበር፤ ስሕተት መሆኑንም ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው።

ከጭፍሮቼ መካከል አንዲት ቍስለኛ የምትፈውስ ሴት ነበረችኝ። በአጠገቧ የቆመ ቍስለኛ ሁሉ በየተራው ይሻለዋል። ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ አብራን እየተሻገረች ማዕርጓ ከፍ አለ፤ የመፈወስ ኃይሏም በእጥፍ ጨመረ። እኔም እርሷ ካለች ምንም አልሆንም ብዬ በክፉው ስፍራ ሁሉ አሰለፍኋት። አዲሶቹ ቅጥሮች ቢሰለፉ ይስታሉ፥ ያዘገያሉ እያልሁ ወደ ኋላ አስቀመጥኋቸው። ልጄ ሁለት ጊዜ፥ «አባባ፥ እርሷ ሌላውን ትፈውሳለች እንጂ ራሷን አትፈውስም። ወደ መንደር መልሳትና ትረፍ» አለኝ። በእርግጥም የጨዋታው ደንብ እንዲህ ነው፤ የምትፈውሰው ሴት ለገዛ ቍስሏ መድኃኒት የላትም፤ ወደ መንደር ተመልሳ ካረፈች ወይም ሌላ ፈዋሽ ከደረሰላት ግን ፈጥና ትድናለች። እኔ ግን «ይህን አንድ ተራ ብቻ ትቁምልኝ» አልሁት። በጨዋታው ጊዜው ከቀን ወደ ሌሊት ይለወጣል፤ የኦርኮችም ኃይል በሌሊት ከመቶ 25 ይጨምራል። በዚያው ሌሊት ሦስት ሆነው መጡባትና ወደቀች።

እርሷ በወደቀች ጊዜ በስፍራዋ የሚቆም አልነበረም። በዚህ ጨዋታ ወታደር የሚያድገው በመዋጋት ነው፤ ይልቁንም ጠላቱን የጣለ ወታደር እንዲሁ ከተዋጋው ይልቅ 8 እጥፍ ልምድ ያገኛል። ስለዚህ ብልህ አለቃ ጠንካራው ወታደር ጠላትን ካደከመ በኋላ የመጨረሻውን ምት ለአዲሱ ይተውለታል። እኔ ይህን ሁሉ ለአንዲቱ ብቻ ሰጥቼ ሌሎቹን እንደ ተቀጠሩ አስቀርቻቸዋለሁ። ልጄ አስቀድሞ ያስቀመጠውን ከፍቶ ውጊያውን እንደገና እንጀምር ብሎኝ ነበር፤ ይህም በጨዋታው ይቻላል። እኔ ግን ልቤ ስላዘነ ለዛሬ ይብቃን ብዬ ተነሣሁ።

በዚያው ሳምንት የ16 ዓመት ሴት ልጄ አስተማሪ አስጠራችኝ። ልጄ በክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ውጤቷም ካለፈው ወራት እጅግ ወርዷል። አስተማሪዋ «በቤት ምን ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ዝም አልሁ፤ ልጄ በቤት የምትሠራውን ሁሉ ቈጥሬ አላውቅም ነበርና። እናቷ ከሄደች ጀምሮ እንጀራ የምትጋግር፥ ወጥ የምትሠራ፥ ልብስ የምታጥብ፥ ታናናሾቿን አጥባ አብልታ ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኝ እርሷ ነበረች። ደከመኝ ብላ ስለማታውቅ ደክሞሽ ይሆን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሌላውን ሁሉ ታስታምማለች፤ እርሷን ግን ማን እንደሚያስታምማት አላሰብሁም።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ከምጣድ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ወንድሟ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ እኔን ይጠብቅ ነበር። እንዲዘጋው ነገርሁትና ወረቀት አምጥቼ፥ በፍርድ ቤት መዝገብ እንደምጽፍ አድርጌ፥ የቤታችንን ሥራ በየተራው ጻፍሁ። የተገኘው ሥራ 19 ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ የእርሷ ነበረ። የእኔ 2፥ የወንድሟም 2 ብቻ። ልጄ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተውና አቀርቅሮ «አባባ፥ እትዬን ወደ መንደር እንመልሳት» አለ። ይህን የሰማች እኅቱ ነገሩ ባይገባትም ሳቀች፤ ከሳቀችም በኋላ አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ ልቅሶዋን አይቼ አፈርሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ከፈልን። ገበያውና የልብሱ አጠባ የእኔ ሆነ፤ ወጡ በሳምንት ሦስት ቀን የወንድ ልጄ ሆነ፤ ታናናሾቹም ዕቃ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። መጀመሪያ የሠራው ሽሮ አርሮ ስለ ነበር ደረቅ እንጀራ በበርበሬ በላን። እኅቱ «ተወው፥ እኔ ልሥራው፤ ይፈጥናል» ብላ ማማሰያውን ልትቀበለው ብትነሣ፥ እኔም ያችን የምትፈውስ ሴት ሁልጊዜ ያሰለፍሁት በዚሁ ቃል መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ይፈጥናል ብዬ ነበር። እንድትቀመጥ ነገርኋት። በሁለተኛው ሳምንት ሽሮው ተበላ፤ በአራተኛውም ሳምንት ተመሰገነ። ባለቤቴ ከሦስት ወር በኋላ ስትመለስ ወንድ ልጇን በምድጃ አጠገብ አግኝታ ደነገጠች፤ ነገሩን ከሰማች በኋላ ግን ክፍፍሉ እንዳይፈርስ ፈቀደች። የሴት ልጄ ውጤት ገና ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ መተኛቷ ቀርቷል።

በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፈጥኖ የሚጨርስ ጸሐፊ ሽልማቱ የሌላው ሰው መዝገብ ነው፤ የሚያዘገየውም ከሥራው ስለሚርቅ ዘግይቶ ይኖራል። ፈጣኑ ጸሐፊ በታመመ ቀን ባለጕዳዩ ነገ ይምጡ እየተባለ ይመላለሳል፤ አለቃውም ሰው የለኝም ብሎ ያማርራል። ሰው ግን ነበረው፤ ያላሠለጠነው ሰው ነው እንጂ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያሉት ይህን አይተው ነው።

እንግዲህ ቤት የምታስተዳድሩ፥ ሰውም በበታቻችሁ የምታሠሩ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ያ የወንጌሉ ንጉሥ ጭፍራውን እንደሚመረምር እናንተም መርምሩ። ስትመረምሩ ግን ብዛታቸውን ብቻ አትቍጠሩ፤ ማን ሁልጊዜ እንደሚሰለፍ፥ ማንም ሁልጊዜ ከኋላ እንደሚቀር ለይታችሁ ጻፉ። ዛሬ ማታ ደከመኝ ብሎ የማያውቀውን ልጃችሁን ደክሞህ ይሆን ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙት።