ሽልማቱ ቢጠፋስ?

በእኛ አገር ሰው ካልሞተ አይመሰገንም እየተባለ ይታማል። ስለ ክብርና ሽልማት ወሬ ሲነሳም ክርክሩ ሁሌ እዚችው ላይ ነው፤ «በሕይወት እያለ ለምን አልተሸለመም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን ግን ከዚህ ይልቅ ሌላ ነገር ያሳስበኛል። እሺ፣ ሽልማቱ ተሰጠ እንበል። ሥራውስ የት አለ?

የሐቲ ማክዳንኤልን ታሪክ እንውሰድ። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተሰኘ ልብወለድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በዚያው መጽሐፍ መነሻነት በተሠራው የአሜሪካ ፊልም ሞግዚቷን ሆና የተወነችው ሐቲ እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር አገኘች፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ መሆኗ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች ምሽት ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋር አልተቀመጠችም። ጥቁር በመሆኗ ግድግዳ ጥግ ባለ ጠረጴዛ ለብቻ ተለይታ ነው የተቀመጠችው። በ1952 ስትሞት ሽልማቷን ለዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘች። እዚያም ጠፋ! አካዳሚው ምትኩን ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው በ2023 ነው። ፊልሙ ግን አልጠፋም፤ ዛሬም ከፍቶ ማየት ይቻላል።

የኧርኒ ዴቪስም ነገር ከዚህ አይርቅም። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት በአብዛኛው በእጅ የሚጫወቱትን ኳስ ሲሆን፣ በኮሌጆች መካከል ምርጥ ለተባለው ተጫዋች በየዓመቱ ሃይዝማን የሚባል ዋንጫ ይሰጣል። የሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲው ኧርኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ዋንጫውን ሲወስድ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ወዲያው የደም ካንሰር ያዘውና አንድም የፕሮፌሽናል ውድድር ሳይጫወት በ1963፣ ገና በ23 ዓመቱ አረፈ። እንዲያም ሆኖ በ2008 «ዘ ኤክስፕረስ» የተባለ ፊልም ተሠራለት። ከ45 ዓመት በኋላ ታሪኩን መተረክ የተቻለው በጊዜው የጻፈና የቀረፀ ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቶታል። በ2001 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ የተወለደ ልጅ ስለ ዶክትሬቱ ላያውቅ ይችላል፤ ድምፁን ግን ለይቶ ያውቃል። ሸክላው አለ፣ ካሴቱ አለ።

አጎቴ እንዲህ አልታደለም። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ «ወንድሜ ሲነፋ ሰፈሩ ቀጥ ይል ነበር» ትላለች። ሰፈሩን ቀጥ ያደረገው ዜማ ምን ዓይነት ነበር? አንድም ካሴት የለም። እኔ ሳልወለድ ስለሞተ አልሰማሁትም፤ ከእንግዲህም አልሰማውም። የሐቲ ሽልማት ጠፍቶ ሥራዋ ቀረ፤ የአጎቴ ወረቀት ቀርቶ ሥራው ጠፋ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የሐቲን እመርጥለት ነበር።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዋንጫ የመስጠት ሥልጣን የለንም። በየኪሳችን ያለው ስልክ ግን ድምፅም ይቀዳል፣ ምስልም ይቀርፃል። የሽልማት ዜና ስንሠራ «እገሌ ይህን ተሸለመ» ብለን ብቻ አናብቃ፤ ምን ሠርቶ እንደተሸለመ፣ ሥራውም የት እንደሚገኝ እንጨምርበት። በየሰፈራችን ዛሬም በሕይወት ያሉ የቀድሞ ኪነት አባላት አሉ። ትንፋሽ ሳያጥራቸው ሄደን እንቅዳቸው። የሚሸልማቸው በኋላም ቢሆን ይደርሳል።